ልጃችሁ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲገባ እናንተስ የት ታድራላችሁ?

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ልጅሽን ይማርልሽ። ልጅሽ አይሲዩ ገብቶ የት እንደምታድሪ ለጠየቅሽው መልሴ ረዘም ብሏል፤ ሌላ ወላጅም ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። የኛ ሰው ማደሪያ መጠየቅ በጣም ይከብደዋል። «ልጄን እያዳኑልኝ ደግሞ የምተኛበት ልጠይቅ?» ይላል። ከዚያ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋል። እባክሽ ጠይቂ።

ብዙ የሕፃናት አይሲዩዎች ከልጁ አጠገብ የሚዘረጋ ሶፋ ወይም ወንበር አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወላጅ ብቻ። ክፍሉ የጋራ ከሆነ አጠገቡ ማደር ላይፈቀድ ይችላል። ያኔ የወላጆች ማረፊያ ክፍል እንዳለ ነርሷን ጠይቂያት። ሶፋው ላይ ካደርሽ ጠዋት በጊዜ አጣጥፊው፤ ተንቀሳቃሹ የኤክስሬይ ማሽን ሲመጣ ቦታ ይፈልጋል። የጆሮ መድፈኛ ያዢ። የልብ ምቱንና ትንፋሹን የሚከታተለው ሞኒተር ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ጩኸት ሁሉ ክፉ ነገር አይደለም፤ አንዳንዴ ልጁ ሲገላበጥ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ሽቦ ላልቶ ነው።

ዋናው ግን ሶሻል ወርከሯ ናት፤ ቤተሰብን በማደሪያና በመሳሰለው ጉዳይ የምትረዳዋ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን አግኚያት። ሮናልድ ማክዶናልድ ሃውስ የሚባል የቤተሰብ ማረፊያ አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1974 ፊላደልፊያ ውስጥ ተከፈተ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕፃናት ሆስፒታሎች አቅራቢያ ይገኛል። አልጋ፣ የጋራ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ አለው። መክፈል አልቻላችሁም ተብሎ የሚመለስ ቤተሰብ የለም። ግን ቶሎ ይሞላል። ብዙውን ጊዜም ሆስፒታሉ ራሱ ካላስመዘገበሽ አትገቢም፤ ሶሻል ወርከሯ ሳትጠየቅ ስንት ቀን እንደሚባክን አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል።

ከባለቤትሽ ጋር ተራ ግቡ። ውጭ ያደረው ሰው ሐኪሞቹ የጠዋቱን ዙር ሳይጀምሩ ይድረስ። የቀኑ ሕክምና የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው፣ ጥያቄም የሚጠየቀው ያኔ ነው። ከመውጣትሽ በፊት የክፍሉን ስልክ ውሰጂ። የሚስጥር ቁጥር ከሰጡሽም ጻፊው፤ ያለሱ በስልክ ምንም ላይነግሩሽ ይችላሉ። ከእንቅልፍሽ ባንነሽ ሌሊት ብትደውይ ማንም አይቆጣሽም።

«ጥዬው እንዴት እተኛለሁ?» ብለሻል። ይገባኛል። አይሲዩ ውስጥ ግን አንዷ ነርስ ብዙውን ጊዜ የምትይዘው አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው። ብቻውን አይሆንም። አንቺ ደግሞ ነገ ከባድ ነገር ሰምተሽ መወሰን ይኖርብሽ ይሆናል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የተነገረውን እንኳ አይዝም።

ቋንቋው ካስቸገረሽ ዘመድ ሳይሆን የሆስፒታሉን አስተርጓሚ አስጠሪ። ያለሽበትን ከተማ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሶሻል ወርከሯን ስታናግሪ ምን ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ዛሬውኑ አብረን እንጽፋለን።