እህቴ የላከችልኝን የእንቅልፍ ካፕሱል ልዋጠው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞር ካለ ሰንብቷል። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፤ እስከ 7 ሰዓት ግን ኮርኒሱ ላይ አፍጥጬ ነው የምቆየው።

ውጭ ያለችው እህቴ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። ጀርባው ላይ ቫለሪያን 400 ሚሊ ግራም፣ አሽዋጋንዳ 300 ሚሊ ግራም ይላል፤ ሁለቱም የመድኃኒት ተክሎች ናቸው። ስከፍተው ያልታጠበ ካልሲ ነው የሚሸተው! (የቫለሪያን ሥር ጠረኑ እንደዚያ ነው አሉ።)

ሳነብ ይብስ ግራ ገባኝ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ቫለሪያንን ለእንቅልፍ እጦት አይመክርም። አሽዋጋንዳ በአንዳንድ ጥናቶች እንቅልፍን በመጠኑ አሻሽሏል፤ አልፎ አልፎ ግን ጉበት ይጎዳል። ዴንማርክ በ2023 ከልክላዋለች።

ጎረቤቴ እማማ «ቅጠል ምን ያደርግሃል ልጄ፣ ዋጠው» ይላሉ። ኮሶም እኮ ተክል ነው፤ እንደ ቀልድ አይጠጣም!

ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሆናችሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ለጤነኛ ሰው ችግር አለው? አንዳንዴ የምወስደው የአለርጂ ክኒን ያደነዝዘኛል፤ ከሱ ጋርስ ይሄዳል? ከመጀመሬ በፊት ጉበቴን ልመርመር?

ደግሞ «ቡና ቀንስ» እንዳትሉኝ። ከሰዓት በኋላ መጠጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።