ቤርያ ኮሌጅ በ1904 ጥቁር ተማሪዎቹን ያሰናበተው ተገዶ ነው ወይስ መርጦ?

ማህሌት፦
ዛሬ እንድንከራከርበት የማመጣው ጉዳይ ይሄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ቤርያ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። በ1855 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ሆኖ ጀመረ። መሥራቹ ጆን ፊ የሚባል ሰባኪ ነው። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። እሱ ግን ባርነትን አጥብቆ ስለተቃወመ ከውርስ ነቀሉት። ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ አብረው ነው ያደጉት። መሪ ቃሉም ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተወሰደ ነው፤ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝብ ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ የሚለው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ኮሌጁ ጥቁርና ነጭን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አስተማረ። በ1904 የግዛቲቱ ምክር ቤት ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በአርቃቂው ስም የዴይ ሕግ ይባላል። ኮሌጁ ጥቁሮቹን አሰናብቶ ነጮቹን አስቀረ።

ታሪኩ ሲነሳ «ምን ያድርግ፣ ሕግ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ሕጉ ሁለቱን አብራችሁ አታስተምሩ አለ እንጂ ጥቁሩን አስወጡ አላለም። ማን ይውጣ የሚለውን የወሰኑት ኮሌጁን የሚያስተዳድሩት ባለአደራዎች ናቸው።

ብሩክ፦
ማህሊ፣ ፈርደሽበታል። ኮሌጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሕጉን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ቆመ፣ 1,000 ዶላር ተቀጣ፣ ይግባኝ አለ። የኬንታኪ ፍርድ ቤት በ1906 ረታው። እንደገና ይግባኝ ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያም በ1908 ተረታ። የፍርዱ ምክንያት ደግሞ የሚያናድድ ነው። ኮሌጁ በግዛቲቱ ፈቃድ የቆመ ድርጅት ስለሆነ ግዛቲቱ ፈቃዱን ማሻሻል ትችላለች አሉ። ሰውን ከሰው የመለየቱን ጉዳይ በጎን አልፈውት ሄዱ። በፍርዱ ሳይስማማ ረዘም ያለ ተቃውሞ የጻፈው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። እሱም የኬንታኪ ሰው፣ የባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነበር።

ያን ጊዜ አራት ዓመት ሙሉ ተሟግቶ የቆመ ስንት የነጮች ተቋም ነበር? ጎረቤት ቴነሲ ውስጥ ሜሪቪል የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ አለ። በ1901 ተመሳሳይ ሕግ ወጣበት፤ እሱም ጥቁር ተማሪዎቹን አስወጣ።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆች፣ ከ1904 በፊት ያለውን አትዝለሉት። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

በ1859 የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃርፐርስ ፌሪ በምትባል ከተማ፣ የባሪያዎች አመፅ ለማስነሳት ሞከረ። ደቡቡ በሙሉ በፍርሃት ተናወጠ። ዲሴምበር ላይ ወደ ስልሳ የሚሆኑ የታጠቁ ፈረሰኞች ቤርያ ገቡ። ፊ ገንዘብ ሊያሰባስብ ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ሮጀርስን ከደጁ አስጠርተው በአሥር ቀን ውስጥ ከግዛቲቱ ውጡ አሉት። በዚያ ብርድ ሕፃናት ይዘው ወደ ኦሃዮ ተሰደዱ። ልብ በሉ፣ ያኔ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድም ጥቁር ተማሪ አልነበረም። ባርነትን በመቃወማቸውና ጥቁር ሊገባ ይችላል በመባሉ ነው የተባረሩት። ቃላችንን አጥፈን እንቀመጥ አላሉም።

ከጦርነቱ በኋላ ተመለሱ። በ1866 የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች ክፍል ሲገቡ ከነጮቹ ብዙዎቹ ተነስተው ወጡ። ኮሌጁ ግን ጥቁሮቹን አላስወጣም። በዚያው የትምህርት ዓመት 187 ተማሪ ነበራቸው፤ 96 ጥቁር፣ 91 ነጭ። ኮሌጁ የተመሠረተው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ እኔ ከማህሌት ጋር ነኝ።

ሳሮን፦
እኔ ደግሞ ነገሩ በ1904 ተጀመረ ብዬ አላምንም። በ1892 ዊልያም ፍሮስት ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። የአፓላቺያ ተራሮችን ድሆች ነጮች ማስተማርን ዋና ሥራው አደረገ። የሰሜን ለጋሾችንም በዚሁ ነው የቀረበው። ሕጉ ሲመጣ ነጮቹ ከጥቁሮቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ውሳኔውን ያቀለለው ይሄ ነው።

ብሩክ፦
የተራራው ልጆችም እኮ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። እነሱን ማስተማር ኃጢአት ነው እንዴ? ደግሞ ጥቁሮቹን ሜዳ ላይ አልበተኗቸውም። ለጉዞ ከፍለው ፊስክን ወደመሳሰሉ የጥቁሮች ኮሌጆች ላኳቸው። ቆይተውም ገንዘብ አሰባስበው በ1912 ሊንከን ኢንስቲትዩትን ለጥቁሮች ከፈቱ።

ማህሌት፦
የተራራውን ልጆች ማስተማር ኃጢአት አይደለም። ያልኩት ሌላ ነው። ሊንከንን ካነሳህ ግን ምን እንደነበር እንይ። በአመዛኙ የሁለተኛ ደረጃና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ነው። ካርተር ዉድሰን፣ የጥቁሮችን ታሪክ ማጥናትን በአሜሪካ ያቋቋመው ሰው፣ በ1903 ከቤርያ በዲግሪ ተመርቋል። ከዓመት በኋላ ያ በር ለታናናሾቹ ተዘጋ። በኮሌጅ ፋንታ የእጅ ሙያ መስጠት ካሳ አይባልም።

ሳሮን፦
በሩም እስከ 1950 አልተከፈተም። ሕጉ ሲሻሻል ቤርያ ወዲያው ጥቁር ተማሪ ተቀብሏል፤ ይሄንን አልክድም። ግን 46 ዓመት ነው።

ማህሌት፦
ብሩክ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። ባለአደራዎቹ ጥቁሮቹን አስቀርተው ለነጮቹ የመሄጃ ቢከፍሉ ኖሮ የሚጥሱት ሕግ ነበር?

ብሩክ፦
አልነበረም። ግን ብዙኃኑን አስወጥቶ፣ ለጋሾቹን አስቀይሞ፣ በዚያ አካባቢ የጥቁሮች ኮሌጅ ሆኖ መቆየት አይችልም ነበር። ይዘጋ ነበር ባይ ነኝ።

ጋሽ ታደሰ፦
በ1859 ተዘግቶ አልነበር እንዴ? ተመልሶ ተከፈተ።

ማህሌት፦
ይዘጋ ነበር የሚለውንም አልቀበልም። ፊስክ ያለው ናሽቪል ነው፤ ያም ደቡብ ነው። ከ1866 ጀምሮ ጥቁሮችን እያስተማረ በ1904ም ቆሞ ነበር። ለዚያውም ያቋቋመው ራሱ የቤርያን መሥራች ጆን ፊን ሲደግፍ የኖረው የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ማኅበር ነው። ቤርያ ተማሪዎቹን የላካቸው አይቻልም የምትለው ነገር ወደተቻለበት ቦታ ነው።