ሞገዱ በክሮቹ አቅጣጫ ሲሄድ ለምን ይፈጥናል?

የገላኑ ሠራተኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ በምትገኝ አነስተኛ ዎርክሾፕ የፋይበርግላስ (ሬዚን በሚባል ማጣበቂያ የተያያዘ የመስታወት ክር) የውሃ ታንከር እንሠራለን። በንብርብሮቹ መካከል የሚፈጠረውን መላቀቅ ታንከሩ ከመሸጡ በፊት ለማግኘት ብለን ሁለት የአልትራሳውንድ ሴንሰሮች ገዝተናል። ለመለማመጃ ክሮቹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ የተዘረጉበት፣ በኢፖክሲ ሬዚን የተሠራ፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ አዘጋጅቼ፣ ሴንሰሮቹን 40 ሴንቲሜትር አራርቄ በ50 ኪሎ ኸርዝ ለካሁ። ሞገዱ በክሮቹ አቅጣጫ በ90 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ሲደርስ፣ ክሮቹን አቋርጦ ሲሄድ ግን 180 ገደማ ፈጀበት። ስህተቱ ከመሣሪያው ይሆን? በአዳማ መንገድ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ንዝረትም ያሳስበኛል።

መምህሩ፦
ልኬትዎ ትክክል ነው፤ እንዲያውም በጥንቃቄ መሥራትዎን ያሳያል። የሞገድ ፍጥነት የቁሱ ግትርነት (ላለመለጠጥና ላለመጨመቅ ያለው አቅም) ለእፍግታው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ዳግም ዘር ነው። እፍግታው በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ግትርነቱ ግን በክሮቹ አቅጣጫ መስታወቱ ስለሚሸከመው 40 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በአግድም ለስላሳው ሬዚን ስለሚወስነው ወደ 9 ይወርዳል። የሁለቱ ንፅፅር ዳግም ዘር 2.1 ገደማ ነውና ካገኙት ጋር ይስማማል። በካርቦን ክር ቢሆን ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር። የመኪኖቹ ንዝረት ድግግሞሹ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ በማጣሪያ ይወገዳል።

የቁስ ምርመራ ባለሙያ፦
በመምህሩ ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሞገዱ ርዝመት ከሰሌዳው ውፍረት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሞገዱ በሁለቱ ገጾች መካከል ተመርቶ ይጓዛል፤ ይህን ዓይነቱን ሞገድ እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ሆራስ ላምብ በ1917 ገልጾታል። እርስዎ የለኩት ቀድሞ የሚደርሰውን፣ ሰሌዳውን በርዝመቱ የሚስበውንና የሚገፋውን ነው። ከኋላው የሚመጣው፣ ሰሌዳውን የሚያጎብጠው ሞገድ ርዝመቱ አጭር በመሆኑ መላቀቅን ለማግኘት የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱ በድግግሞሹ ስለሚለያይ ምልክቱ በሄደ ቁጥር እየተዘረጋ ይሄዳል። በሰያፍ ሲለኩ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ጉልበቱ ሞገዱ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፣ ወደ ክሮቹ ያጋድላል። ስለዚህ በአንድ ፍጥነት ብቻ አስልተው የጉዳቱን ቦታ ቢያመለክቱ ይስታሉ። በየ15 ዲግሪው ለክተው የፍጥነት ሰንጠረዥ ያዘጋጁ።

የገላኑ ሠራተኛ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታንከራችን ግድግዳ ግን ከተቆራረጠ ክር ምንጣፍ የተሠራ ነው። እዚያም ሰንጠረዡ ያስፈልገኛል?

የቁስ ምርመራ ባለሙያ፦
በምንጣፉ ውስጥ ክሮቹ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ፍጥነቱ ዙሪያውን ተቀራራቢ ነው፤ ሁለት ሦስት ልኬት ይበቃዎታል። እዚያ ይበልጥ የሚያስቸግረው በሬዚኑ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ነው፤ ሞገዱን በትኖ ያደክመዋል። በተለይ አየሩን ተጭኖ የሚያስወጣው ሮለር በደንብ የማይደርስባቸውን የታንከሩን ማዕዘኖች ደጋግመው ይለኩ።