ሴንት አንድሪውስ ጎልፍ ሜዳ ምኑ ነው እንደዚህ የሚያስወራው?

የሸገሩ፦ ሰላም ወገኖች፣ ለስራ ስኮትላንድ ልሄድ ነውና እግረ መንገዴን ኦልድ ኮርስ የሚሉትን የሴንት አንድሪውስ ጎልፍ ሜዳ ልየው ብዬ ነበር፣ ግን ፎቶው ላይ ደረቅ ሳርና አሸዋ ብቻ ነው ዛፍ የሚባል የለም፣ ደሞ አባል ካልሆንክ አያስገቡም አሉ እውነት ነው?

ባንከር፦ ኧረ የህዝብ ሜዳ ነው ባክህ! ገና በ1552 ሊቀ ጳጳሱ የከተማው ሰው እዛ እንዲጫወት መብቱን በጽሁፍ አጽንተውለታል፣ የጎልፍ ክለቡ ራሱ የተመሰረተው ከ200 አመት በኋላ በ1754 ነው። አንድ የጎልፍ ዙር 18 ጉድጓድ ነው የሚባለውም የመጣው ከዛው ነው፣ 22 ነበር በ1764 ቀነሱት።

ነፋሱ፦ ዛፉን ተወው፣ ሜዳው ሊንክስ የሚባለው አይነት ነው፣ ሊንክስ ማለት በባህሩና በእርሻው መሃል ያለ አሸዋማ መሬት ነው፣ ዝናቡን ቶሎ ስለሚመጠው ኳሷ ዝም ብላ ትሮጣለች፣ ነፋሱ ዞረ ማለት ደግሞ ትናንት የተጫወትክበት ሜዳ አይደለም በቃ። 112 ባንከር (ኳስ የሚይዝ የአሸዋ ጉድጓድ) አለው፣ ግማሹ አይታይህም እስክትገባበት 😂

የሸገሩ፦ እኔ እንኳን የጎልፍ ዱላም ይዤ አላውቅም ማየት ብቻ ነው

ባንከር፦ እንግዲያው እሁድ ሂድ፣ እሁድ ብዙውን ጊዜ ጨዋታ የለም፣ ሰው ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸርበት ነው የሚውለው፣ እዛው ሜዳው ላይ ያለው ስዊልከን ድልድይ ላይ ፎቶህን ተነሳ