ለእማዬ አርባ የሚሆን የሕይወት ታሪክ እንዴት ልጻፍ?

የፒያሳ ልጅ፦
እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው አንደኛ ክፍል ነው። ከፍ ያለ ክፍል ውሰጂ ሲሏት እምቢ ትል ነበር። በቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግን የሥራ ልምድ ማስረጃ ነበር የሚመስለው። እዚህ ተወለደች፣ እዚያ ተማረች፣ በዚህ ዓመት ተቀጠረች፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። አለቀ። ቆሜ ስሰማ አንጀቴ አረረ።

እኔ የማውቃት እማዬ ሌላ ናት። በየወሩ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሳ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ክፍል የምትገባ። ስም መጥሪያዋ ላይ ከአንዳንድ ልጆች ስም ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ነበረች። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡትን የምትለይበት ነው። በእረፍት ሰዓት አንድ በአንድ "ና፣ ጠመኔ አምጣልኝ" ብላ ትጠራቸውና ስታፍ ሩም ውስጥ ዳቦና ሻይ ትሰጣቸዋለች። ጓደኞቻቸው እንዳያውቁባቸው ብላ ነው።

ለአርባዋ የሚታደል ትንሽ መጽሔት ልናዘጋጅ አስበናል። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ግን የሚያውቋት ሰዎች ተበትነዋል። ማንን ልጠይቅ? ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

የዕድር ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ሰው ስለ ሟች ሲጠየቅ "ደግ ሴት ነበሩ" ብሎ ያልፋል። አንቺ "ምን ብለውህ ያውቃሉ? ምን አደረጉልህ?" ብለሽ ያዢው። ሰፈር ቢፈርስም የዕድሩ ዳኛ ዘንድ የአባላቱ ስልክ አይጠፋም።

ሌላው፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናትሽ ሥራ ላይ ከነበሩ ማታ ማታ ቀበሌ ትልልቅ ሰዎችን አስተምረው ይሆናል። እነሱን ፈልጊ። የኔ እናት ስሟን መጻፍ የቻለችው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አታውቅም፤ መዝገብ ሲቀርብላት ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ሙሉ ስሟን ነበር የምትጽፈው።

ጡረተኛ መምህር፦
ነፍስ ይማር። ዓመተ ምሕረቶቹን ግን ጨርሰሽ አታውጫቸው። ተማሪዎቿ ራሳቸውን የሚያገኙት በዚያ ነው። ኑሮውንም አትሸፋፍኚው። የአስተማሪ ደመወዝ ከወር ወር አያደርስም። ያንን ዳቦ በምን ትገዛው ነበር? እሱን ካወቅሽ ጻፊው።

ዲያቆን፦
መጽሔቱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ወጪው ግን ለነዳያን የሚዘጋጀውን እንዳይነካ። ተዝካር ዋናው ቅዳሴው፣ ፍትሐቱና ምጽዋቱ ነው። ደግሞ ከአርባ በኋላ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ፤ ስለዚህ አትጣደፊ። የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፈሽ ለካህኑ ስጪ። በጸሎት የሚነሣው እሱ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በዕለቱ ይጠፋበታል።

የፒያሳ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ የዕድራችንን ዳኛ አገኘኋቸው። እማዬ ማታ ቀበሌ ካስተማረቻቸው መካከል አንዲት እናት ቦሌ አራብሳ አሉ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ። መጽሔቱን ለሙት ዓመቷ አድርገነዋል። የዳቦውን ነገር ታላቅ እህቴን ጠየቅኳት። ከዳቦ ቤቱ በዱቤ ነበር የምትወስደው፤ ደመወዝ ስትቀበል ከቤት ኪራይ በፊት የምትከፍለው እሱን ነው አለችኝ። ይሄ ይገባል።