ተማሪዎች ታሪክንና ሴራን እንዲለዩ ምን ላሠራቸው?

የአማርኛ መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
ጤና ይስጥልኝ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች «ሴራውን»፣ ማለትም ድርጊቶቹ በምክንያትና ውጤት የተያያዙበትን መንገድ፣ «ጻፉ» ሲባሉ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይተርኩታል። «ጡዘቱ (ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት) የት ነው?» ሲባሉ ደግሞ ጠብ ያለበትን ገጽ ይጠቁማሉ። በ40 ደቂቃ የሚያልቅ መልመጃ ያላችሁ?

መልስ፣ ደብረ ማርቆስ
መምህርት፣ ስምንት ብጣሽ ወረቀት ያዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ድርጊት ይጻፉ። ለምሳሌ፦ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ተቀናጅተው ያርሳሉ። አንደኛው ዕዳ ሲጠናበት በሬውን ሰኔ ላይ በድብቅ ይሸጣል። እግረ መንገዱን ጃንጥላ ይገዛል። የጎረቤቱ ማሳ ጦም ያድራል። በዱላ ይጣላሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል። ተበዳዩ እርቁን እንቢ ይላል። የራሱንም በሬ ሸጦ ከተማ ይገባል።

በየሁለቱ ወረቀት መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ይጻፉ። «ከዚያ» ብቻ የሚገባበት ከሴራው ውጭ ነው፤ ጃንጥላውን ቢያነሱት ምንም አይጎድልም። ልጆች «ስለዚህ»ን በየቦታው መለጠፍ ይወዳሉና «በሬው ባይሸጥ ኖሮ ይህ ይሆን ነበር?» ብለው ያስፈትኗቸው።

ጡዘቱ የዱላው ጠብ አይደለም። ከዱላው በኋላ ሽማግሌ ሊያስታርቃቸው ይችላል፤ ከእንቢታው በኋላ ግን መመለሻ የለም። ከተማ መግባቱ ልቀቱ (የግጭቱ መቋጫ) ነው።

መልስ፣ ባሕር ዳር
በዚሁ ታሪክ መቼትንም ያስተምሩበት። ቃሉ ራሱ «መቼ» እና «የት» ነው። ሽያጩን ከሰኔ ወደ ጥር ያዙሩት፦ የመዝሪያ ጊዜ አይደለም፣ ጎረቤትየው ሌላ ቅንጃ ለመፈለግ ፋታ ያገኛል፣ ግጭቱም ይላላል። መቼት ጌጥ አለመሆኑ እዚህ ላይ ፍንትው ይላል።

ጭብጥ ላይ «ቂም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ርዕሰ ጉዳዩን ነው የጻፈው። ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፦ «በድብቅ የተፈጸመ በደል ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚያፈርሰው መተማመን ይብሳል» ዓይነት።

መልስ፣ ደጀን
ወደ ረጅም ልቦለድ ሲሻገሩ «ፍቅር እስከ መቃብር» እዚሁ ጎጃም ውስጥ የተተከለ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል የተሳሉትን ስለት ብዙዎች እንደ መግቢያ ቆጥረው ያልፉታል። ያ ስለት ከሌለ ግን ሰብለወንጌልን ሲያፈቅር ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ክብር ጋር የሚጋጨው ውጫዊ ግጭት ብቻ ይቀራል፤ ከራሱ ኅሊና ጋር የሚታገለው ይጠፋል። ስለዚህ ስለቱን በአንዱ ብጣሽ ላይ ጽፈው መጀመሪያ ያስነሡት፣ ከዚያ ይመልሱት። ተማሪዎቹ የትኛው ግጭት እንደጠፋ ራሳቸው ይናገሩ።