«ቆጠረ»፦ ፊደልም ይቆጠራል፣ ቅኔም ይቆጠራል

ጓሳ፦
በመንዝም በተጉለትም ትልልቅ ሰዎች «እሱ እኮ ፊደል የቆጠረ ነው» ሲሉ ማንበብ የሚችል ማለታቸው ነው። ይህ አያከራክርም። «ተማሪው ቅኔ ቆጠራ ወጥቷል» ሲባልስ? ስንኝ ሊቆጥር ነው የወጣው? ሁለቱ «ቆጠረ» ዘመድ ናቸው ወይስ ድምፅ ብቻ ነው ያገናኛቸው?

ሞላሌ፦
የቅኔውን ለሚያውቁት ልተወውና ከንባብ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደልና ንባብ ከሚማሩበት ክፍል፣ ልነሣ። እዚያ መቁጠር ማለት እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ነክቶ ስሙን መጥራት ነው። ልጁ ስንደዶ ይይዝና ሀ ላይ አሳርፎ «ሀ ግዕዝ»፣ ቀጥሎ «ሁ ካዕብ»፣ «ሂ ሣልስ» እያለ እስከ «ሆ ሳብዕ» ይዘልቃል። ስንደዶውና አፉ እኩል መሄድ አለባቸው። አፉ ከቀደመ አልቆጠረም፣ ሸመደደ እንጂ።

ብዙው ልጅ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ በዜማ ስለሚባል ጆሮው ቶሎ ይይዘዋል፣ ዓይኑ ግን ገበታውን አያይም። መካከል ላይ ስንደዶውን አኑረው «ይህ ማነው?» ቢሉት ከሀ ጀምሮ ካልወረደ አይመልስም። መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ በተራመደ ቁጥር ፊደሉም አብሮ ስለሚለወጥ፣ የሀ ሁ ዜማ አያድነውም።

ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ የዮሐንስ መልእክት ማለት ነው። ይህም መጀመሪያ የሚባለው በቁጥር ነው፣ ፊደል በፊደል። ቀጥሎ ሦስት የአነባበብ ስልቶች በተራ ይመጣሉ፦ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ በአራት መልክ መመላለስ ለውጭ ሰው ትርፍ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ግዕዝ በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በሰያፍና በተጣይ፣ ማለትም ለየቃሉ በተለየ የድምፅ አጣጣል፣ የሚነበብ ቋንቋ ነው። «ቀተለ» ተነሽ ነው፣ «ዜና» ወዳቂ ነው። ከቁጥር ዘሎ ወደ ቁም ንባብ የገባ ልጅ ሁሉንም በአማርኛ ልማዱ ያነባል፤ ያ አንዴ አፉን ከለመደ ማቃናት ከአዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

ጀማ፦
የቅኔውን እኔ ልቀበል። ወንድም ጓሳ የጠየቁት ዝምድና ያለ ይመስለኛል፣ ግን ስንኝ በመቁጠር አይደለም። በቅኔ ቤት ሦስት ቃላት ይለያሉ። ቆጠራ፦ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን በልቡ ማዘጋጀቱ። ነገራ፦ ያዘጋጀውን ለመምህሩ ማቅረቡ። ዘረፋ፦ ቅኔውን ወዲያው በአፍ ማፍሰስ። «ዘረፈ» እዚህ ቤት ውንብድና የለበትም፤ «ቅኔ ዘረፈ» የተባለ ሰው ተመሰገነ እንጂ አልተከሰሰም።

ቆጠራ የወጣ ተማሪ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል። የደጋው ብርድ ካየለ ደበሎውን ይደርባል። ወረቀት የለም። አንዱን ቃል አንሥቶ ይመዝነዋል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። ያው ስንደዶ ነው፣ አሁን ግን ልብ ውስጥ ገብቷል። ለእኔ የሁለቱ «ቆጠረ» መገናኛ ይህ ነው፦ አንድ በአንድ መንካት።

ቁጥሩም ቢሆን ጨርሶ አይቀርም። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና 2 ቤት (ስንኝ) ነው፣ ዘአምላኪየ 3፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ስለዚህ ጀማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ነገራ ላይ የሚወድቀው ቅኔ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት በአንዱ ነው፦ ቤቱ አልሞላም፣ ቤት አልመታም፣ ወይም ሰሙ ብቻውን ቀርቶ ወርቁ የለም። አራተኛም አለ፣ እሱ የባሰ ነው፦ የግሥ ስሕተት። ርባውን፣ ማለትም የግሡን አረባብ፣ «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል» ብሎ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ምሥጢሩ ቢያምርም መምህሩ አያሳልፉትም።

ጓሳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግረ መንገዳችንን «ቤት» ስንት ነው? ንባብ ቤት አላችሁ፣ «ቤት አልመታም» አላችሁ።

ጀማ፦
ሦስት። የትምህርቱ ክፍል (ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት)፤ የቅኔው ስንኝ፤ እና የፊደል ዘር፣ «የሀ ቤት» እንደሚባለው። ቤት መታ የሚባለው ስንኞቹ በአንድ ፊደል ሲዘጉ ነው።

ሞላሌ፦
«ዳዊት ደገመ» የሚለውንም ሰው ይስተዋል። መድገም እዚህ ሁለተኛ ጊዜ ማድረግ አይደለም፤ ጸሎቱን ማድረስ ነው። ዳዊት በየ10 መዝሙሩ አንድ «ንጉሥ» ይባላል፣ ጠቅላላው 15 ንጉሥ። በዕለት ሲከፈል ሰኞ 3 ንጉሥ፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 2። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ሦስት ንጉሥ ሳልደግም ከቤት አልወጣም» ቢሉ ስለ ነገሥታት ታሪክ አይደለም። የሚገርመው የዚሁ ግሥ ልጅ «ድግምት» መሆኑ ነው፤ አንዱ ጸሎት፣ አንዱ አስማት፣ ሥራቸው ግን በአፍ መመላለስ።

ስንደዶ፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ አንድ ብቻ ልጨምር። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ብዙ ሰው «ስማ» የሚለውን እንደ አማርኛ ትእዛዝ ያየዋል፤ «ስማኝ» እንደማለት። አይደለም። «በእንተ» ስለ ማለት ነው፣ «ስማ» ደግሞ ስሟ። ግዕዝ ባለቤትነትን እንዲህ ይደርባል፦ «ስማ ለማርያም»፣ ቃል በቃል «ስሟ ለማርያም»፤ በአማርኛ የማርያም ስም። ተማሪው «ስለ ማርያም ስም» ነው የሚለው። ውሻው ሲጮህ ግን ስማም ስሟም አይሰማም።

ጓሳ፦
ሃሃ፣ ለውሻው አርጩሜ ነው። «የኔታ»ስ «የኔ ጌታ» ነው አይደል?

ስንደዶ፦
አዎ፣ «ጌ» በአፍ ተውጣ ነው።